ሰባተኛው ቁጥር

አጅማን ነው። የሰርግ አዳራሽ፣ ግድግዳ ለሁለት የከፈለው፤
ወዲህ ሴቶች፣ ወዲያ ወንዶች፤ የድምፁ ሣጥን ወዲያ ነው።
ወዲህ ወንድ ቴክኒሻን አይገባም፤ ወዲያ ደግሞ እኔ አልገባም፤
ስምንት ዓመት አብረን ሠራን፤ ሣጥኑና እኔ ግን አንተዋወቅም።

መሃላችን አንድ ገመድ ነው፣ ከግድግዳው ቀዳዳ የወጣ፤
ጫፉ ላይ ማዘዣ ሰሌዳ፣ ከስምንት ቁልፉ ስድስቱ ነፍሱ የወጣ።
የሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል። የገጠመው ሻጂ ኬረላ ገብቷል፤
መመሪያውን ስጠይቀው፣ «የዚያን ዓመት ጎርፍ ወስዶታል» ብሏል።

አዲስ ይገዛ ስል፣ ሥራ አስኪያጁ፦ «አኢሻ፣ ከረመዳን በኋላ!»
የትኛው እንደሆነ አይናገር፤ ሦስት አለፈ፣ ይኸው ደግሞ ሌላ።
(አኢሻ አይደለሁም። አንሻ ነኝ፣ የሐርቡ ልጅ። ለሰው ግን ይበቃል፤
ተቀራራቢ ስም ሲጠሩኝ፣ አፌ ራሱ «ነዓም» ይላል።)

ከናይፍ በሠላሳ ድርሃም ለላፕቶፔ መሰኪያ ገዛሁ፤
ገመዱን ልጬ ሦስት ሽቦ አገኘሁ፦
አንዱ ተናጋሪ፣ አንዱ ሰሚ፣ አንዱ ዝም ያለ መሬት።
ጆሮዬን ጣድኩ፣ ሰርግ በሌለበት ሌሊት።
ፍጥነቱን ሳላውቅ፣ የመጣው ሁሉ ቅራቅንቦ፤
በዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ስሞክረው፣ መጣ ታጅቦ፦

ሰባት ቁጥር። ሁልጊዜ ሰባት።
ቁልፉን አንድ ጥርስ አዞርኩ፣ ጻፍኩ። ደግሞ አንድ ጥርስ።

አንደኛው «ስማ» ነው። ሁለተኛው፣ ለማን እንደሆነ።
ሦስተኛው፣ ምን እንዲደረግ። አራተኛው፣ የትኛው ማይክ።
አምስተኛው ዜሮ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።
ስድስተኛው የድምፁ ልክ።
ሰባተኛው እብድ።

ስድስቱን ልክ አድርጌ፣ ሰባተኛውን በግምት ስልከው፣
ሃያ አንድ ይለኛል ግድግዳው። ሃያ አንድ፤ እምቢታው ነው።
አሥራ አንድ ሌሊት። ሮዌና መብራት እያጠፋች
«በቃሽ፣ ሰው እንኳ እንዲህ አይለመንም» አለች።

አንድ ሐሙስ ግን፣ በወንዶቹ ማይክ ኒካህ ሲታሰር፣
ቃዲው ድንገት ቆመ። ሙሽራው አለ፣ ወሊው አለ፣
መህሩ ተቆጥሯል፤
ሁለተኛው ምስክር መኪና ማቆሚያ አጥቶ ይዞራል።
ሁሉ ሙሉ ነው፣ ቃሉ ግን አልጸናም። ጠበቅን፣ እኛም፣ እነሱም።

ደብተሬን ገለጥኩ። ድምፁ በአንድ ሲጨምር፣ ሰባተኛው በአንድ፤
ማይኩ በአንድ ሲጨምር፣ እሱም በአንድ።
እብድ አይደለም ለካ! ዳር ቆሞ የሚቆጥር፣
የስድስቱ ድምር፤
ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሲሞላ ከዜሮ የሚጀምር፣
ምስክር።

ደመርኩ። ላክሁ። ግድግዳው ጥቂት አሰበ።
ስድስት፣ አለኝ።

ስድስት በሱ ቋንቋ «አቤት» ማለት ነው።
አድራሻውን በአንድ ብስት፣ እምቢ እንኳ አይልም፣ ዝም ነው፤
ለተቀራራቢ ስም አይታዘዝም።
ቀናሁበት፣ ምን እዋሻለሁ።

ዛሬ የሙሽራዪቱ አክስት ማይክ ሲያፏጭ፣ ሁለት ጥርስ ዝቅ አደረግኩት፤
ማንም ዞሮ አላየም። የደህና ድምፅ ዕጣው ይኸው ነው።
ከወዲያ ደግሞ አንድ አጎት አርባ ደቂቃ ሲመርቁ፣
ሁለተኛውን ቁጥር ቀየርኩ፣ ደመርኩ፣ ላክሁ፤
ሳያውቁት እየራቁ
እየራቁ ሄዱ፣ ጎረቤት መንደር እንደሚጥል ዝናብ።
ስድስት።

ሬዲዮዬ ተንኮሻኮሸ። «አኢሻ!»
ዝም።
«አኢሻ! የወንዶቹ ድምፅ ምን ሆነ?»
ቁልፉን ተጫንኩና፣
«ሃያ አንድ» አልኩት፣
በአማርኛ።