የብርሌው አንገት

ያቻትና መጣች፣ ካቀበቱ ወገብ በበቅሎ ብቅ አለች፤
ካባዋ ከብዷታል፣ ፊቷ ተሸፍኗል፣ አንገቷን ደፍታለች።
ከሰገነት ቆሜ የሱሃን ቁልቁለት ዐይኔን አጥብቤ ሳይ፣
ልጓም የያዘው እጅ ይንቀጠቀጣል ወይ?
ይንቀጠቀጣል፤ ደግ። የእኔም እንዲያ ነበር፣
ከቡሬ ተነሥቼ ብርን ተምጫን አልፌ ሙጋን ስሻገር።

በየወንዙ ማዶ አንዳንድ ሰው ቀረ፤
እናቴ ከብር ዳር፣ ሞግዚቴ ከተምጫ፤
አጎቴ ጨሞጋን ደፍሮ ተሻገረ፣
ከሙጋ ሲደርስ ግን “እግዜር ያውቃል” ብሎኝ በቅሎውን አዞረ።

ወንድሜ ቢተው ነው፤ የደጃች ገላውን በኩር ልጅ ገደለ፤
ሽማግሌው ቆጥሮ “ከሁለት መቶ ላም
አንዲት ሴት ትሻላለች፣ ደም ታደርቃለች” አለ።
የላሞቹን ቀለም ጠይቀዋል አሉ፤ የእኔን ስም ማን ጠየቀ?
ይታይሽ ነው ስሜ፤ ተክሊሉን ሲደፋ ቄሱ ብቻ ዐወቀ።

የደጃች ገላው ቤት ማጠፊያው በቅቤ ርሷል፣ በሩ አይጮህም፤
ውሻው ለሚገባ ይጮሃል እንጂ ለሚወጣ ሬሳ ድምፁን አያሰማም።
ከኔ በፊት የገቡ ሁለት ሙሽሮች ጊዮርጊስ ደጅ ዐርፈዋል፤
ቀሚሳቸው ሣጥን ውስጥ ቆይቶኛል፤ እጅጌው እንኳ ልኬ ሆኗል።

አማቴ ወለተ ሐና ጫጉላዬ ሳይፈታ ቁልፍ ሰጠችኝ አንድ፤
“የጠጅ ቤቱ ነው። ልጄ፣ በዚህ ግቢ
ጦር የሚወረውር ሞልቷል ብዙ ወንድ፤
ብርሌ የሚይዝ ግን...” ብላ ዝም አለች።
ከጋኖቹ ኋላ፣ አፏ በሰም ታሽጎ፣ አንዲት ቀንድ አለች።
“እሷስ?” አልኋት። “የቤት መድኃኒት።”
“ለማን?” አላልሁም። ጥያቄ የዋጠች ልጅ ታረጃለች ባንዲት ሌሊት።

በፋሲካ ሰሞን ወንድሜ ቢተው ሊጠይቀኝ መጣ፤
መሐላ ተማምኖ ጋሻውን ደጅ ሰቅሎ
“እኅቴ ትቅዳልኝ፣ ከእጇ ልጠጣ”
አለ፤ ሳቀም ደግሞ፣ በዚያ ጥርሱ ክፍተት፣
ልጅ ሳለን እሸት እየበላን በምስቅበት።
ባሌ ስንሻው ግድግዳ ያያል፤ አማቴ ከንፈሯን ታነቃንቃለች፣
መቁጠሪያዋ ግን ካንድ ዶቃ ላይ ቆማለች።
እንደ ደንቡ በመዳፌ ቀመስሁ፦ ጠጁ ንጹሕ፣ የዓባይ በረሃ ማር፤
ብርሌው ግን፣ አንገቱ ጋ፣
ሰም ሰም ይሸት ነበር።

አርባ ዓመት ንስሐ አባቴ “ዐውቀሽ ነው?” ይሉኛል፤
የጎጃም ልጅ ነኝና ቅኔ እመልሳለሁ፤ ቅኔ ከኑዛዜ ይቀላል፦
“ሰሙ ሸቶኝ ነበር፣ አባቴ፤ ወርቁን አልፈለግሁም።”
ቅኔውን ፈቱት፤ እኔን ግን እስካሁን አልፈቱኝም።

ከዚያማ ምን አለ። ደጃች ገላው በጦር አልሞቱም፣ ስንሻውም በፈረስ፤
አማቴ ናት ትንሽ የቆየች፣ እስከ ኅዳር ቁስቋም ድረስ።
ቀንዷ ጎደለች፣ ቤቱ ሞላ፣ ርስቱም እስከ ዓባይ ሰፋ፤
እኔም “የላይ ቤት እመቤት” ተባልሁ፤ ስሜ እንደገና ጠፋ።

አሁን ይቺ ሙሽራ፣ ትርንጎ ይሏታል፣ የልጄ የጎለም ሚስት፣
ጉልበቴን ስማ ተነሣች፤ ቀዳሁላት።
ልነግራት ዐስቤ ነበር። ምን ልላት? “ተመለሽ”?
እሷም በየወንዙ ሰው ጥላ መጥታለች፤
ማን ይቀበላታል ወደኋላ ብትሸሽ?

ዐይነ ርግቧን ገልጣ ብርሌውን ተቀበለች፤
በካባዋ ጫፍ አንገቱን ሁለት ጊዜ ዙሪያውን ጠረገች፣
ከዚያ ወደኔ ዘርግታ፣ “እማማ፣ ይቅመሱልኝ” አለች።

አዳራሹ ጭጭ። እንቢልታ ነፊው ሳይቀር ትንፋሹን ያዘ።
ጠጣሁ። ንጹሕ ነው፣ ለዛሬ።
ጉሮሮዬ ግን ለምን እንዲህ ቀዘቀዘ?

ከማተቤ ጎን አርባ ዓመት ያሠርሁትን ቁልፍ ፈትቼ ሰጠኋት፤
ስትቀበል እጇን አየሁት፤
አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠባት።