ቁንዝላ መውጫ ላይ

ከቁንዝላ ወዲህ፣ ዋልካው ሳይደርቅ ገና፣
ቤታችን ቆመብን፣ ብረት ሸተተና።
አንሙት ከሥር ገባ፣ ጋቢውን አንጥፎ፤
ኩሽኔታው ወጣለት፣ ጭቃና አሸዋ አቅፎ።
ናፍጣ በጣሳ፣ ብዮቹን አጠበ፤
ቆጥሮ አንዷን ቢያጣት፣ ጎማውን ሰደበ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ማኅበር ጠብቀን፣
ዕጣው ቢዘገይብን፣ ቦታው ቢርቀን፣
በጡረታው ገንዘብ ቤት ገዛን፣ ተሳቢ፤
መኪናው ጎታች ነው፣ እኔ ደግሞ አሳቢ።

ክሪኩን ጭቃ ዋጠው። ከጣና ዳር ወርደን፣
ጥቁር ድንጋይ ለቅመን፣ ከሥሩ ደርድረን፣
መሠረት ጣልንለት፤ ያን ሌሊት ቤት ገባን።

ጠዋት ጋቢ ሳራግፍ፣ ብይዋን አገኘኋት፤
ዝም አልኩ። እስከ ምሳ በመዳፌ ያዝኳት።