ናፍታሊን በአርጎን በረዶ

ከአባቴ ካፖርት ኪስ ነጯን ናፍታሊን፣
ብል እንዳይበላው ብላ እናቴ ያኖረቻትን፣
አራት ኪሎ ይዣት ወረድሁ፣ ምድር ቤት፣ ከብርዱ ክፍል፣
ሁሉ ሰው ሲወጣ፣ የእሷን ቀለም ልስል።

ከጥንዶቹ አንዲቱን ኤሌክትሮን ቀማኋት።
የተቀማ ሰው ጠባዩን ታውቃላችሁ መቼም፤
ያገኘውን ሁሉ ሳይዝ አያድርም።
ስለዚህ አርጎን አለበስኳት፣ ከመኳንንት ወገን፣
እጅ የማይጨብጥ፣ የማይሰጥ፣ የማይለምን፤
ከብርዱ ብዛት ደርቆ እንደ መስተዋት ሲቆም
በዚያ ኩራት መሐል የሚነካት የለም።

ከቀዩ ብርሃን ላይ ጥቂት ቆንጥራ ዋጠች፤
መስመሯ ወረቀቱ ላይ ወርዳ ተመለሰች፤
«አለሁ» ማለቷ ነው።
ትርሲት እርሳሷን አነሳች፣

መብራት ሄደ።

የሂሊየም መጭመቂያው አንዴ አቃሰተና ዝም።
ጄኔሬተሩም ከማክሰኞ ወዲህ ናፍጣ አልቀመሰም።
ውጭ የታክሲ ረዳት «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ይላል፤
ውስጥ በረዶው በጨለማ ይላላል።
መኳንንቱ ተነሡ፣
ማንንም ሳይሰናበቱ፣ እንደ አመጣጣቸው።

«ጠፋች?» አለች ትርሲት።
«አልጠፋችም» አልኳት፣
«የተቀማችው ተመለሰላት፤ አሁን ተራ ናፍታሊን ናት።»

ጣቴን አሸተትሁ፦
የአባቴ ካፖርት።