የለመደ ጅብ

ኮዬ ፈጬ ጠርዝ ላይ፣ ልስን ካልነካው ሕንፃ ሥር፣
ብረትና ሲሚንቶ ስጠብቅ ስንት ክረምት አለፈኝ መሰለህ፣ ስንት ብር።
ድሮ ጅብ ሲመጣ ፊሽካዬን አንዴ ስነፋው
በርግጎ ቁልቁል ነበር፤ ወንዙ ነው የሚያቆመው።
በኋላ ቆም ብሎ ሰማኝ።
ዘንድሮ ግን ብነፋ፣ ብነፋ፣ ጉንጬ እስኪለፋ፣
ባትሪዬ ላይ አፍጥጦ
አጥንቱን ቆረጠመው፤
ፊሽካውን ለመደው።

ዶክተር ሰናይት የደሜን ውጤት ገልጣ ስታስረዳኝ
ጥቁር አንበሳ ወንበር ላይ፣ ያ ጅብ ነው ትዝ ያለኝ።
«ኪኒኑን አልዘለልክም፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤
በሽታው ለመደው እንጂ። ቁልፉ ያው ነው፣
ጓጉንቸሩን ነው የቀየረው።»

ስድስት ዓመት ማታ ማታ ከእራቴ ጋር የዋጥኳት
ያቺ ብርቱካንማ ፍሬ
ደሜን ስትዞርልኝ ኖራ፣ የዘበኛው ዘበኛ፣
እሷ ነቅታ፣ እኔ ቀን ስተኛ።
ለካ ግራ ጎኔ የከበደው፣
ሱሪዬ እየወረደ ሆዴ በሦስት ጉርሻ የሞላው፣
በዚያ ብርድ ካፖርቴን ላብ ያራሰው
ጣፊያዬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብላ ነው።
እኔ የክረምት ጉንፋን ብዬው።

ልቤን በሽቦ አዳመጡት። ሌላ መድኃኒት አለ አለችኝ፤
ከውጭ እስኪገባ ግን ሦስት ሳምንት
«ጠብቅ» አለችኝ።
ሣቄ መጣ።
መጠበቅ?
እንጀራዬ እኮ ነው፤ ሌላ ምን አውቃለሁ?
አጥር የሌለው ግቢ ጠብቄያለሁ፣
ያልመጣ ደመወዝ ጠብቄያለሁ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ መጣ።
በቀን ሁለቴ፣ በባዶ ሆድ፤
ከመዋጡ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ከዋጡትም አንድ ሰዓት በኋላ
ከውኃ በቀር አፍ አይነካም።
መርጊያ፣ የቀኑ ዘበኛ፣ ያልተከፈተ ምሳ ዕቃዬን አይቶ
«ቄስም ሼህም ያላወጀው፣ ይኼ ደግሞ የምን ጾም ነው?» ይለኛል።
ዝም። ስልኬ ላይ ደቂቃ እቆጥራለሁ።

ዛሬ ማታ ፊሽካውን ኪሴ ውስጥ ተውኩት።
ጅቡ ሲመጣ የቆርቆሮ ቁራጭ አንሥቼ
በፌሮ ደለቅኩት።
ዘለለ! እንደ ጥንቱ፣ ቁልቁል፣ እስከ ወንዙ፤
የተኙት ውሾች ሁሉ እሱ ከሄደ በኋላ ጮኹ።

ይህንንም ይለምደው ይሆናል። አውቃለሁ።
ያን ጊዜ ሌላ የሚጮህ ነገር እፈልጋለሁ።
አሁን ግን ሰዓቱ ሞላ፤
ብሎኬቴ ላይ ቁጭ ብዬ
እራቴን ልብላ።