ደም ማድረቅ

በአንሶላዬ ጫፍ ላይ አንዲት ነጥብ አየሁ፤
«ዝገት ናት» አልኩና ለራሴ ዋሸሁ።
ማግስቱን ሦስት ሆነች። በአራተኛው ሌሊት
መብራት ብለኩሰው፣ ከፍራሼ ስፌት
የምስር ፍሬ አክሎ፣ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣
ሲሮጥ ያዝኩት አንዱን። ስጨፈልቀው ደማ፤
ድንብላል ሸተተኝ። ገርሞኝ ጣቴን ባየው
ደመኛዬ ሞቶ፣ የፈሰሰው የኔው።

ስልሳ ስምንት ዓመቴ። እኔ ዝድራቭካ
ማፈር ምን እንደሆን አላውቅ ኖሯል ለካ።
በዳኑብ ዳር፣ ቪዲን፣ አርባ ዓመት በሙሉ
«ንጽሕና እንደ እሷ» እያሉ ሲምሉ
የሙሽራ ቀሚስ የሰፋሁት እኔ
አንሶላ ቋጠርኩኝ፣ እንደ ሌባ፣ በጎኔ።
እህቴ ደውላ «ልምጣ ወይ?» ብትለኝ
ሳል ሳል እያደረግሁ «ጉንፋን ነው የያዘኝ»።

ያልሞከርኩት የለም። በፈላ ውሃ አጠብኩ፣
በካውያዬ ጫፍ ስፌቱን ለበለብኩ፤
ፀቬታን መድኃኒት ሲል የሸጠልኝ ዱቄት
ድመቴን አስነጠሳት፤ ለእነሱ ሆነ እራት።
ነጭ ጋዝ ረጨሁ፤ አልጋዬን ከግድግዳ
ስንዝር አራቅሁት እንደ ክፉ እንግዳ፤
በአራት ጣሳ ዘይት አራት እግሩን ባቆም
ከጣሪያው ወረዱ። ትኋን መላ አያጣም።

ከጣሪያው! ከዚያችው ካረጀችው እድፍ፣
የሊዩበን ገንዳ ሞልቶ ሲትረፈረፍ
ያኔ ያተመብኝ የአሥራ አንድ ዓመት ማኅተም።
«ቀለሙን ክፈለኝ» ብለው «አልከፍልም፤
ቧንቧው የጋራ ነው» ብሎኝ በሩን ዘጋ።
ከዚያ ወዲህ በሊፍት፣ ሲመሽም ሲነጋ፣
እንደ ሥዕለ አድኅኖ፣ አንገት ቀና አድርገን
ቁጥሩን እናያለን፤ መቼ ተያይተን!
«ደመኛዬስ እሱ፤ ትኋን ጭፍራ» አልኩኝ፤
እርግማን ስደረድር እየበሉኝ ነጋብኝ።

ከሌሊቱ ስምንት። ፍራሼን ጎትቼ
በደረጃ ወረድኩ ሊፍቱን ፈርቼ።
ሦስተኛው ፎቅ ስደርስ መንገዱን ዘግቶታል
ሌላ ፍራሽ ቆሞ፤ ሁለት እግር አብቅሏል፣
ፒጃማ ለብሷል።
          «አንቺም?»
               «አንተም?»
«እኔማ ካንቺ ቤት የመጡ መስሎኝ…»
               ሳቅ አፈነኝ። እሱም
ለቀቀው ፍራሹን፤ ተንሸራቶ አልቆመም።
«ቧንቧው የጋራ ነው» አልኩት፣ እንባዬ ሲወርድ።
ሊዩበን ተቀምጧል ደረጃው ላይ፣ በብርድ።
ስንወርድ ከግቢው፣ ከቆሻሻው ገንዳ
አምስት ፍራሽ ቆሟል፤ ሁሉም ለሁሉ ባዳ።

«እናቴ» አለ «ማታ፣ የቦሎቄ ቅጠል
ታነጥፍ ነበረ፣ እንዲንጠለጠል
ትኋኑ በጠጉሩ። ነግቶ ስትነሳ
ጠርጋ ታነደው ነበር በአሮጌ ጣሳ።»
ለእህቴ ደወልኩኝ። ጉንፋኑን ተናዘዝኩ፤
በአውቶቡስ ላከችው፤ ከረጢቱን ያዝኩ።
አነጠፍነው፣ እሱ ላይ፣ እኔ ታች፣ ሁለት ቤት።
ሲነጋ ቆጠርን፤ እኔ ሠላሳ ስምንት፣
እሱ አርባ አንድ፤ እንደ ድል ኮራበት።

አላለቁም ግና። ማዘጋጃ ቤቱ
ሰው ልኮ፣ ሁለቴ በእንፋሎት ቢመቱ
ትናንት አንዱን ገደልኩ፣ እድፏ አጠገብ።
ሊዩበን ወረደ። «የማን ደም ነው?» አልን፤ አየነው ቀረብ ቀረብ።
የሱና የኔ ደም ካንድ ሆድ ተገኝቶ
ማን ከማን ይካካስ? ሽማግሌስ ጠፍቶ።
ጨርቅ አንስቼ ነበር።
               «ተዪው» አለኝ፣ «ይድረቅ።»

ስምምነት አለን፣ ሲመሽ የምንልከው፦
አንድ ምት «አየሁኝ»፣ ሁለት «ንጹሕ ነው»፤
እኔ በመጥረጊያ፣ እሱ በተረከዝ።
ዛሬ ሁለት መታሁ፤ መልሱን ጆሮዬ ሲይዝ
አንድ፣
     ሁለት፣
          ሦስት።
ለሦስት ትርጉም የለንም። ከአልጋዬ ተነሥቼ
ማበጠሪያ ፈለግሁ፣ መብራት አብርቼ።