ጥማድ

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ፤ ከዝናቡ ሸሽቼ
ገባሁ እማዋይሽ ሱቅ፣ ገንዘቤን አምጥቼ፤
የስምንት ወር ቁጠባ በላስቲክ ጠቅልዬ፣
«ቦርዱ አለ፣ ፕሮሰሰር አለ፣ የቀረኝ ራም» ብዬ።

የሰው ሠርግ ነው ሥራዬ፣ ቪዲዮ አቀናባሪ፤
አሮጌው ማሽኔ ግን ደካማ ዘካሪ፣
ሙሽራዋን ከመኪና ሳያወርዳት ይቆማል፤
አጃቢው እግሩን አንሥቶ በአየር ላይ ይከርማል።

እማዋይሽ ሳቀች። የቢቸና ልጅ ናት፤
ካውያ የጠበሰው አውራ ጣት ነው ያላት።
ሁለት እሽግ አወጣች ከመስታወቱ ሥር፦
አንደኛው ባለ መብራት፣ እንደ ሠርግ ድንኳን በር
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሲበራ፣ ሲጠፋ፤
አንደኛው ጥቁር፣ ጸጥ ያለ፣ ጉራ የማይነፋ።

«መብራቱ ለዓይን ነው፤ ማሽኑ ዓይን የለው፣
ለማያይ ጌጥ ብለህ ብርህን አትበትነው።
ሦስት ሺ ስድስት መቶ ቢልህም ካርቶኑ
አትደንግጥ በቁጥሩ፤ ሌላ አለ ከጎኑ፣
ትንሽ ነች፣ አትታይም፦ ሲጠየቅ ባንድ ጊዜ
መልሱን እስኪያወጣ የስንት ምት ትካዜ?
አሥራ ስድስቱ ይሻላል ከአሥራ ስምንቱ፤
የሚሸመተው ዝምታው፣ አይደለም ጩኸቱ።

አንድ ትልቅም አትግዛ፤ ሁለት ግዛ፣ ጥማድ፣
ባንድ ቀን የወጡ፣ መልክና ጠባይ አንድ።
ፈጣኑን ከሰነፍ አንድ ላይ ብትጠምደው
ፈጣኑ ነው የሚሰንፍ፤ አባትህን ጠይቀው።»

አባቴን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤
አየሁት የጎዛምን ማሳ፣ ያን ጠማማ ትልም፣
ቦራው ልሂድ ሲል ዳለቻው ሲይዘው፤
ጅራፉን የቀመሰ ጎበዙ በሬ ነው።

«ጥቁሮቹን» አልሁ።

ደረሰኝ ስትጽፍ ስሜን ጠየቀችኝ።
«አስረሳኸኝ» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ፤
«ሜሞሪ ሊሸምት አስረሳኸኝ መጣ!»
ሳቋ በዝናቡ ውስጥ አስፋልቱ ላይ ወጣ።
ሳቅሁ እኔም አብሬ።
ስሙን ማን እንዳወጣው፣ ማንን ሊያስረሳ እንደሆነ
አልነገርኋትም።

ማታ ቤት ገጠምኋቸው፤ መስኮቴን ከፈትሁት፣
ውድ ማራገቢያ ለቆላ ሰው ተውሁት፤
የማርቆስ ብርድ በነጻ ነው።
ቮልቱን አንድ ነጥብ አርባ ከፍ አደረግሁ፣
ከተጻፈው ልክ በላይ በጥቂቱ አሳለፍሁ፤
ሦስት ሺ ስምንት መቶ። ተነሣ። ጮቤ ረገጥሁ።

ሙከራውን ለቀቅሁት፦ ይጽፋል፣ ያነባል፣
ካነበበው ካልገጠመ ቀይ መስመር ያወጣል።
እናቴ በሩ ላይ፣ ጋቢዋን ደርባ፣
«ምን ትጠብቃለህ?» አለች፣ ገና ሳትገባ።
«ያስታውስ እንደሆን።»
ዝም አለች።
ቆጠርሁ። አሥራ ስድስት አለፈ። አሥራ ስምንት አለፈ።
የጣራው ቆርቆሮ በዝናብ ተገረፈ።
«ቢያድግልኝ ነበር» አለች፣ «የወንድምህ ስሙ።»
ሃያ ስድስት ዓመት ባፏ ያልዞረው ጣዕሙ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት አንዲት ቀይ መስመር መጣች፤
ከቢሊዮን ቤት መሃል አንዷ ቤት ተሳሳተች።
ልካቸው ላይ መለስኋቸው፣ ሦስት ሺ ስድስት መቶ፤
አብረው ይሂዱ፣ በልክ፣ ትልሙ ቀንቶ።

እንደገና ጀመርሁት። መብራት ሄደ።
ራም እንዲህ ነው፤ ኃይሉ ሲቀርበት ምንም አልያዘም፣
የጻፈውን ሁሉ ጣለ፣ አላዘነም።

በጨለማው ግን እናቴ፣ ካልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣
«መስኮት ላይ ይቆም ነበር፣ ዝናብ በመጣ፣
ጠብታውን ሊቆጥር፤ ከሦስት ወዲያ አያውቅም፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደገና አንድ...»

መብራቱ ሲመለስ
እኔ ከዜሮ ጀመርሁ።
እሷ አላቋረጠችም።