የጌንጂሮ እንፋሎት

ሺዙኦካ፥ ካዋኔ ነው አገሬ፥ ከጉም ጋር ያደግሁበት፥
ሻይ ቅጠሉ በረድፍ በረድፍ የተራራውን ጎን ያበጠረበት።
ውርጭ የሚያባርሩ ማራገቢያዎች ከየምሰሶው ላይ
ሌሊቱን ያጉረመርማሉ፥ ዘብ ሆነው ለሻይ።

ስሜ ሱሚኤ ነው፤ ሰባ ዘጠኝ ደፈነ ዓመቴ፤
ጌንጂሮ ጎረቤቴ ነው፥ ፊት ለፊት ከቤቴ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም፤
ጤና ይስጥልኝ ብሎኝ፥ ብዬው አናውቅም።
ምክንያቱ ሦስት ረድፍ ሻይ፥ ከወሰናችን ዳር፤
እሱ "የአባቴ" ሲል፥ እኔ "የባሌ" ስል፥ ዳኛም ግራ ገብቶት ሲያድር።

ግን እውነቱን ላውጣው፤ በዚህ ዕድሜ ውሸት ምን ሊረባ?
ማለዳ ማለዳ ዓይኔ ከጌንጂሮ መስኮት ነው የሚገባ።
ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ማንቆርቆሪያው ይጣዳል፤
ነጭ እንፋሎት መስታወቱን አልብሶ፥ በስንጥቁ ሽቅብ ይሄዳል።
አሠራሩን ከዚህ ሆኜ፥ ሳላየው አየዋለሁ፤
በፈላ ውሃ እንደማይቸኩል አውቃለሁ፤
ከስኒ ወደ ስኒ እያገላበጠ ያበርደዋል፤
ቅጠል በትኩሳት ከተቆጣ ይመርራል፥ ያኮርፋል፤
እንደ እሱ።
እንደ እኔ።
አንድ ደቂቃ ዓይን ጨፍኖ፥ ከዚያ የመጨረሻዋን ጠብታ
እጁን ነቅነቅ አድርጎ ያወርዳታል በእርጋታ።

ዶክተር ካጂዋራ በየወሩ ከከተማ ሲመጡ፥
በማኅበሩ አዳራሽ ሰብስበውን፥ የእኛኑ ሻይ እየጠጡ፥
"አረንጓዴ ሻይ በየቀኑ" ይላሉ፥ "ለልብ ደግ ነው፥ ለደም ሥር፤
ግፊትም ያለዝብ ይሆናል፤ ጥናቱ ባያልቅም አይጠፋም ቁም ነገር።
ብቻ ከብረት ክኒናችሁ ጋር አታጋጩት፥ ሰዓት ያህል አቆዩት፤
በባዶ ሆድ አታብዙ፥ ማታም እንቅልፍ እንዳይነሣችሁ ተዉት።"
እኔ ደም አነሰሽ ተብዬ፥ ክኒናዬን እውጣለሁ፤
ከዚያ ስኒዬን ከሩቅ እያየሁ፥ እንደ ተቀጣ ልጅ እጠብቃለሁ።

በየካቲት አንድ ማለዳ፥ ውርጭ ጣራውን ሲነክስ፥
መስኮቴን በክንዴ ጠረግሁ። የለም። ምንም የለም የሚጨስ።
አንድ ሰዓት ሆነ። መስታወቱ ጥርት እንዳለ።
ጌንጂሮ ሻይ ሳይጠጣ? ከቶ ይህ የት አለ!
"ምን አገባኝ" አልሁ። ተቀመጥሁ። ተነሣሁ።
ኩራቴን ከነጫማዬ በር ላይ ረሳሁ።
ተሻገርሁ ሦስቱን ረድፍ፥ ያንን የጠብ አጥር፤
ውርጩ በካልሲዬ ገብቶ፥ እግሬ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር።

ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት፥ ዳሌው ተሰብሮ፥
ባዶ ማንቆርቆሪያ እንደ ጨበጠ፥ ከንፈሩ ጠቁሮ።
ዓይኑን ገለጠ፤ ያን ሁሉ ዓመት የዘጋኝ ሰውዬ
"ዘገየሽ" አለኝ። ይህ ነው እንግዲህ ሰላምታው፥ ጌታዬ!

ሆስፒታል ዶክተሩ ደረቱን አዳመጡና
"ልብህ ጠንካራ ነው" አሉት፥ "ሻዩ ይሆናል፥ እንጃ፥ የሰጠህ ጤና።"
እኔ ሳቅሁ። ጌንጂሮ ወደ ግድግዳው ፊቱን አዞረ፤
እሱም ለካ በየማለዳው የእኔን እንፋሎት ሲጠብቅ ነው የኖረ።
ጤና ይስጥልኝ አላልንም፥ አፋችንን ይዞት ቂም፤
ማንቆርቆሪያዎቻችን ግን፥ አንድ ቀን ሳይሉት ውለው አያውቁም።

አሁን በከዘራ ይመጣል፤ ከበረንዳዬ ጫፍ ይቀመጣል፤
"ውሃውን አቃጠልሽው" ይላል፤ ፊቱን አጨማዶ ይጠጣል።
እኔም ክኒናዬን ውጬ፥ ሰዓቴ እስኪሞላ
እሱ ሲጠጣ አያለሁ፥ ስለ ወሰኑ ስንጣላ።
ሚያዝያ ሲገባ እሱ ከወዲያ፥ እኔ ከወዲህ እንቀጥፋለን፤
ከመካከለኛው ረድፍ ላይ ጣታችን ይነካካል፤
በልማዳችን እንኮራረፋለን።